ቲኬቱ ላይ «-1 ሰዓት» ይላል፣ ድረሱልኝ! (ፒኤችፒ)

ጠያቂ፦ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ለሚሠራ ማኅበር የቲኬት ሲስተም ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሠርቻለሁ። ላፕቶፔ ላይ ምንም አልነበረበትም። ሰርቨር ላይ ሲወጣ ሰዓቱ ተበላሸ። ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት የተቆረጠው ቲኬት ላይ «የተሸጠበት -1 ሰዓት» ብሎ አተመ። ሰው ተሰልፏል፣ ቶሎ በሉልኝ!

አንኮበሬው፦ የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ ሰዓቱም ከዜሮ በታች ወረደ 😄 ለማንኛውም ሰርቨሩ የት ነው? ኮዱስ?

ጠያቂ፦ ውጭ አገር ነው። ኮዱ «ዴት» የሚባለው የፒኤችፒ ትእዛዝ ከሚሰጠኝ ሰዓት ላይ 6 ይቀንሳል፣ በቃ።

የጣርማበር ልጅ፦ ሰዓት በዳታቤዝ ውስጥ ሁሌም በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት) ነው መቀመጥ ያለበት። ወደ አገር ሰዓት የሚቀየረው ለሰው ሲታይ ብቻ ነው። ይህን ከመጀመሪያው ብታስብበት ኖሮ እዚህ አትደርስም ነበር። ፕሮግራመር ሁሉ ሊያውቀው ይገባል።

ሸዋ ሮቢት፦ ሰርቨርህ በዩቲሲ ይቆጥራል፣ እኛ በ3 ሰዓት እንቀድመዋለን። የኛ ጠዋት 2 ሰዓት፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር 8 ማለት ነው፣ እዚያ 5 ነው፤ 6 ሲቀነስ -1። ኮዱ አናት ላይ ታይምዞኑን (የሰዓት ቀጠናውን) የሚወስነውን «ዴት_ዲፎልት_ታይምዞን_ሴት» ጥራና «አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ስጠው።

ደብረ ሲና፦ ታይምዞኑን አዲስ አበባ አድርገው ወንድሜ።

አንኮበሬው፦ ቆይ፣ 6 መቀነስ ለምን አስፈለገ? በ24 ሰዓት አትመህ አትገላገልም?

ጠያቂ፦ የመሐል ሜዳ መኪና ንጋት 12 ሰዓት ይወጣል። ቲኬቱ «6:00» ካላቸው እናቶቻችን እኩለ ቀን ላይ ይመጣሉ። መኪና አምልጧቸው መናኸሪያ በር ላይ ሲቀመጡ ማየት አልፈልግም።

ሸዋ ሮቢት፦ ልክ ነህ። ግን ታይምዞኑ ቢስተካከልም መቀነሱ ብቻ አያዋጣም። ንጋት 12 ሰዓት 0 ይሆንብሃል፣ ማታ 1 ሰዓት ደግሞ 13። እንዲህ አድርገው፦ (ሰዓት + 5) % 12 + 1 («% 12» ለ12 ሲካፈል የሚተርፈው ነው)። 6 ብትሰጠው 12፣ 19 ብትሰጠው 1 ያወጣል። ጠዋት ወይም ማታ የሚለውን ለብቻ ጻፈው።

ጠያቂ፦ እግዜር ይስጥልኝ! እስካሁን ዳታቤዝ የገቡትስ?

ሸዋ ሮቢት፦ «ዴትታይም» በሚባለው የዳታቤዝ ዓይነት ከሆነ ያስቀመጥከው፣ በራሱ አይስተካከልም። መጀመሪያ ባካፕ ያዝ። ከዚያ ሰርቨር ላይ ከወጣ በኋላ በገቡት ላይ ብቻ 3 ሰዓት ጨምር፣ አንዴ ብቻ። «ናው» (የአሁን ሰዓት) እየተባለ በራሱ በዳታቤዙ፣ በማይኤስኪውኤል፣ የተሞላ ካለም የእሱን ታይምዞን ለብቻው እየው፣ የፒኤችፒውን አይከተልም።

ደብረ ሲና፦ ተስተካከለ?