አስቸኳይ! ፍላሼ ተበላሸ፤ ነገ ጠዋት የሴት ሱፐርሂሮዎች ኤግዚቢሽን አለን፣ ጽሑፉን እንደገና ለማዘጋጀት እርዱኝ

አንባቢዋ (ጠያቂ) · ከቀኑ 10፡12
እባካችሁ በጣም ቸኩያለሁ። አራት ኪሎ አካባቢ በምናግዘው የሴት ልጆች ንባብ ክፍል ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ትንሽ ኤግዚቢሽን ይከፈታል። ርዕሱ «ያልተዘመረላቸው ሴት ሱፐርሂሮዎች» ነው። ሥዕሎቹ ታትመው ግድግዳ ላይ ተሰቅለዋል፤ ከሥራቸው የሚለጠፈው ጽሑፍ ግን ፍላሽ ላይ ነበር። ዛሬ ላሳትም አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ልጁ ሰካው፣ ነቀለው፣ መልሶ ሰካው፤ ከዚያ ፎልደሮቼ ሁሉ ሾርትከት ሆነው ቀሩ። ሌላ ኮፒ የለኝም።

ማተሚያው ማታ 1 ሰዓት ተኩል ይዘጋል። ለእያንዳንዷ መቼ እንደጀመረች፣ ማን እንደፈጠራት፣ ለምን ልትታወቅ እንደሚገባ ሦስት አራት መስመር ይበቃኛል። ራሴ ልጽፍ ስል ዓመቶቹ ተምታቱብኝ። በደንብ የማስታውሰው መግቢያውን ብቻ ነው፦ «የመጀመሪያዋ ሴት ሱፐርሂሮ ወንደር ውመን፣ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሱፐርሂሮ ደግሞ ስቶርም ናት፤ ከእነሱ ኋላ ግን ያልተወራላቸው አሉ።»

የፒያሳ ልጅ · 10፡15
እህቴ፣ ፎርማት እንዳታደርጊው! ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ተደብቀው ነው። ፍላሹን ክፈቺ፣ ከላይ «ቪው» የሚለውን ጫኚ፣ «ሂድን አይተምስ» የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ። ደብዝዘው ይመጣሉ።

ጥቁር ቀለም · 10፡16
እነማን ናቸው ግን? ስማቸውን አልነገርሽንም እኮ።

አንባቢዋ · 10፡21
ውይ ይቅርታ። ሚስ ፊዩሪ፣ ፋንቶማ፣ ሚስቲ ናይት፣ ቪክሰን፣ ሞኒካ ራምቦ፣ ኤኮ። ስድስት ናቸው። ጽሑፉ በአማርኛ ነው፤ ልጆቹ ከ10 እስከ 14 ዓመት ናቸው።
የፒያሳ ልጅ፣ ያልከውን ሞከርኩ፤ ምንም አልመጣም።

መምህር ነኝ · 10፡24
ልጄ፣ ድካምሽን አደንቃለሁ። ነገር ግን አንድ ነገር ልናገር። በ1888 ዓ.ም. መቐለ ላይ ጠላት የሚጠጣውን ምንጭ አስይዘው ምሽጉን እንዲለቅ ያስገደዱት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ሸዋረገድ ገድሌ በአርበኝነታቸው ተይዘው ጣሊያን አገር፣ አዚናራ ደሴት ታስረው ተመልሰዋል። እነዚህ በወረቀት የተሣሉ አይደሉም፤ ሥጋ ለብሰው በዚህችው ከተማ የተራመዱ ናቸው። ታዲያ ልጆቻችን ፈረንጅ በፈጠራቸው በራሪ ሴቶች ሥር ለምን ይቆማሉ? እኛ በልጅነታችን ጀግና ስንባል ስም የምንጠራው ከአያቶቻችን ነበር። ዛሬ ልጅ ሁሉ ስልክ ላይ ተተክሎ የሚውለው ታሪኩን የሚነግረው ጠፍቶ ነው። ቢያንስ ሁለቱን ጨምሪ።

ቡናና ኮሚክ · 10፡31
መግቢያውን እንዳለ እንዳትለጥፊው፤ ሁለቱም አረፍተ ነገር ስህተት ነው። ከሰቀልሻቸው ሥዕሎች ጋር ራሱ ይጣላል።

ወንደር ውመን የወጣችው በ1941 መጨረሻ ላይ ነው (የምጠቅሳቸው ዓመቶች እ.ኤ.አ. ናቸው)። ፋንቶማ በፌብሩዋሪ 1940 በወጣው ጃንግል ኮሚክስ ቁጥር 2 ላይ አለች፤ ፈጣሪዋ ፍሌቸር ሃንክስ ነው። ሚስ ፊዩሪም ከወንደር ውመን በወራት ትቀድማለች።

ስቶርምን በተመለከተ፦ እሷ በሜይ 1975 ወጣች። ሚስቲ ናይት በዚያው ዓመት በማርች። ከሁለቱም አራት ዓመት ቀድማ፣ በ1971፣ በተርፍላይ የምትባል ነበረች፤ ላስ ቬጋስ የምትዘፍን፣ ስሟ ማሪያን ማይክልስ የሆነች ጥቁር ሴት። ሄል ራይደር በሚባል መጽሔት ወጣች፣ መጽሔቱ ሁለት እትም ብቻ ወጥቶ ቆመ፣ እሷም አብራ ተቀበረች። ያልተዘመረላት ማለት ይቺ ናት። ልጆቹ «የመጀመሪያዋ» የሚለውን ቃል ይዘው ነው የሚያድጉት፤ እባክሽ ትክክለኛዋን ስጫቸው።

የሜክሲኮዋ · 10፡33
ሂድን አይተምስ ላይ ምልክት አድርጊ የኔ ቆንጆ፣ እኔም እንዲህ ሆኜ ሁሉም ተመልሶልኛል።

ጥቁር ቀለም · 10፡36
ሚስቲ ናይት ግን ሱፐርሂሮ ናት ወይ? መርማሪ ናት እንጂ። ያላት አንድ የብረት ክንድ ነው።

ቡናና ኮሚክ · 10፡38
ባትማን ምን አለው ታዲያ? የብረት ክንድ እንኳ የለውም።

አንባቢዋ · 10፡44
መምህር፣ አክብሮቴ ይድረስዎት። ለእቴጌ ጣይቱ የካቲት ላይ ራሱን የቻለ ዝግጅት አድርገን ነበር፤ ልጆቹ በቃላቸው ነው የሚያውቋቸው። ይሄኛው የመጣው ከራሳቸው ነው። ሱፐርሂሮ ሣሉ ስንላቸው ከአሥራ አራቱ አሥራ አንዱ ወንድ ሣሉ። አንዷን ለምን ስላት «ሴትማ ያቺ አንዷ ብቻ ናት፣ እሷን ደግሞ እነሱ ሣሏት» አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳችኝ። ለዚህ ነው ስድስት የፈለግኩት።
ቡናና ኮሚክ፣ ተባረክ። መግቢያውን ሰርዣለሁ። ሂድን አይተምስን ግን ሦስት ጊዜ ሞከርኩት፣ እባካችሁ ሌላ መላ።

መምህር ነኝ · 10፡47
እንዲህ ከሆነ ገባኝ። ቀጥይበት ልጄ።

ቡናና ኮሚክ · 10፡58
በይ ገልብጪ፦

«ሚስ ፊዩሪ። ስሟ ማርላ ድሬክ ነው፤ የጥቁር ነብር ቆዳ ለብሳ ትወጣለች። በጋዜጣ ላይ መታየት የጀመረችው እሑድ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 1941 ነው። የፈጠረቻት ጁን ታርፔ ሚልስ ናት። ሚልስ አንባቢው ሴት መሆኗን እንዳያውቅ ‹ጁን› የሚለውን ስሟን አስቀርታ ‹ታርፔ ሚልስ› ብላ ትፈርም ነበር። በሴት እጅ የተፈጠረች የመጀመሪያዋ ሴት ሱፐርሂሮ ሚስ ፊዩሪ ናት።»

ከዚህ በታች ያለው ላንቺ ነው፣ ከወደድሽው ጨምሪው። ኤፕሪል 6 ቀን 1941 በእኛ መጋቢት 28 ቀን 1933 ነው። በዚያው ዕለት ነው ፋሺስት አዲስ አበባን ለእንግሊዝ ጦር ያስረከበው። ከአንድ ወር በኋላ፣ ሚያዝያ 27፣ ንጉሡ ገቡ፤ ልጆቹ በየቀኑ የሚያልፉት የአራት ኪሎ የድል ሐውልት የሚያስታውሰው ያንን ቀን ነው። እዚህ ከተማዋ ነፃ ስትወጣ እዚያ አንዲት ሴት በተደበቀ ስም ሴት ጀግናዋን ታትማለች። ይሄን ለ12 ዓመት ልጅ ብትነግሪያት ዓመቱን መቼም አትረሳውም።

የሜክሲኮዋ · 11፡02
ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። እና ዓመቶቹን በእኛ ነው በፈረንጅ የምትጽፊው? ልጆቹ እንዳይደናገሩ።

አንባቢዋ · 11፡04
በፈረንጅ፤ ከላይ እ.ኤ.አ. እላለሁ። የሚስ ፊዩሪን ግን በሁለቱም እጽፋለሁ።

ጥቁር ቀለም · 11፡10
ሞኒካን ለእኔ ተዉልኝ፤ በእሷ ጉዳይ ለዓመታት የሚያንገበግበኝ ነገር አለ።

«ሞኒካ ራምቦ። በ1982 በስፓይደርማን ዓመታዊ ቁጥር 16 ላይ ወጣች፤ ፈጣሪዎቿ ሮጀር ስተርን እና ጆን ሮሚታ ጁኒየር ናቸው። የኒው ኦርሊንስ ወደብ ጠባቂ መኮንን ነበረች። ብርሃን፣ ኤክስሬይ፣ የሬዲዮ ሞገድ መሆን ትችላለች። ካፒቴን ማርቭል የተባለች የመጀመሪያዋ ሴት እሷ ናት፤ አቬንጀርስ የሚባለውን የጀግኖች ቡድን የተቀላቀለች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴትም እሷ ናት፤ በኋላም መርታቸዋለች።»

ቁጭቴ ይኸውላችሁ። በ1990ዎቹ ስሙን ለቀድሞው ካፒቴን ማርቭል ልጅ ለቀቀችለት። ፎቶን ተባለች። ያው ሰው ተመልሶ ፎቶን የሚለውንም ፈለገው፤ ፐልሳር ተባለች። ከዚያ ደግሞ ስፔክትረም ተባለች። ኃይሏ ከብዙዎቹ ይበልጣል፣ ሆኖም ስሟን በእጇ አላቆዩላትም። ካሮል ዳንቨርስ ካፒቴን ማርቭል የሆነችው ገና በ2012 ነው። በ2019ኙ «ካፒቴን ማርቭል» ፊልም ላይ ያቺ ትንሽ ልጅ ሞኒካ መሆኗን ስንቱ ልብ አለ?

የፒያሳ ልጅ · 11፡13
ብርሃን መሆን ከቻለች ለእኛ ሰፈር ትላክልን፤ መብራት ከሄደ ሁለት ሰዓት ሆነው 😂

ብርቱካን ልጣጭ · 11፡17
ፋንቶማን ብታወርጂያት ይሻላል ባይ ነኝ። ፀጉረ ወርቃማ ነጭ ሴት ናት፣ ሥራዋ ጫካውን መጠበቅ ነው፤ የጫካው ሰዎች ደግሞ ራሳቸውን መጠበቅ እንደማይችሉ ተደርገው ነው የሚሣሉት። ይሄን አዲስ አበባ ላይ ለሴት ልጆች መስቀል ልክ አይመስለኝም።

ቡናና ኮሚክ · 11፡22
ያልሽው እውነት ነው፣ አልከራከርሽም። ግን ብናወርዳት «የመጀመሪያዋ ወንደር ውመን ናት» የሚለው ሐሰት ተመልሶ ይመጣል። እንዲህ ብትይስ፦ «ፋንቶማ፣ 1940፣ ፍሌቸር ሃንክስ። ልዩ ኃይል ካላቸው ሴት የኮሚክ ጀግኖች ከመጀመሪያዎቹ አንዷ። ስትቆጣ ፊቷ የራስ ቅል ይሆናል። የሚሣለው ጫካ የእኛን አህጉር ይመስላል፤ ጠባቂዋ ግን ነጭ ናት። ለምን ይመስላችኋል?» ጥያቄውን ልጆቹ ይመልሱት።

ብርቱካን ልጣጭ · 11፡24
ጥያቄው ካለበት ትቆይ። ቪክሰንን ከጎኗ ስቀሏት ታዲያ፣ መልሱ እሷ ናት። ይኸው፦

«ቪክሰን። ስሟ ማሪ ማኬብ ነው፤ ዛምቤሲ ከምትባል በሐሳብ የተፈጠረች የአፍሪካ አገር የመጣች። አንገቷ ላይ ያለው ክታብ የእንስሳትን ኃይል ይሰጣታል፦ የዝሆን ጉልበት፣ የአቦሸማኔ ሩጫ፣ የንስር ክንፍ። ጄሪ ኮንዌይና ቦብ ኦክስነር ፈጠሯት። በ1978 በራሷ ስም ኮሚክ ሊኖራት ተዘጋጅቶ ሳለ አሳታሚዋ ዲሲ ብዙ መጽሔቶቹን ባንዴ ሲሰርዝ የእሷም ቀረ። በመጨረሻ የወጣችው በ1981፣ በሱፐርማን መጽሔት ውስጥ እንግዳ ሆና ነው።»

ያኔ ቢወጣላት ኖሮ ዲሲ ውስጥ የራሷ መጽሔት ያላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ጀግና ትሆን ነበር። ተዘጋጅታ በር ላይ የቀረች ናት። ይሄን ሳስብ ሁሌ ያመኛል።

አንባቢዋ · 11፡31
እያለቀስኩ ነው የምተይበው። ኤኮና ሚስቲ ቀሩኝ። ኤኮ እንዳትቀር፤ ከልጆቹ አንዷ መስማት የተሳናት ናት፤ ሥዕሉን ስሰቅል አይታ በምልክት «እኔ?» ብላ ጠይቃኛለች።

ጥቁር ቀለም · 11፡39
«ኤኮ። ማያ ሎፔዝ። በዴርዴቭል ኮሚክ፣ ዲሴምበር 1999፤ ፈጣሪዎቿ ዴቪድ ማክ እና ጆ ኬሳዳ። መስማት አትችልም። አንድ ጊዜ ያየችውን እንቅስቃሴ ሁሉ ትደግመዋለች፦ ፒያኖ፣ ዳንስ፣ ፍልሚያ። ፊቷ ላይ ያለው የመዳፍ ምልክት የአባቷ መታሰቢያ ነው።»
ለዚያች ልጅ ስትነግሪያት በ2024 በወጣው ተከታታይ ፊልም ኤኮን የተጫወተችው ተዋናይትም መስማት የተሳናት መሆኗን ጨምሪላት።

ቡናና ኮሚክ · 11፡43
«ሚስቲ ናይት። ማርች 1975፤ ቶኒ ኢሳቤላ እና አርቬል ጆንስ። የኒው ዮርክ ፖሊስ ነበረች፤ ከቦምብ ሰው ልታድን ስትል ቀኝ ክንዷን አጣች። በብረት ክንድ ተመልሳ ከጓደኛዋ ከኮሊን ዊንግ ጋር የራሷን የምርመራ ቢሮ ከፈተች።»

ብርቱካን ልጣጭ · 11፡46
አንድ ባዶ ወረቀት ካለሽ የእኛንም ጨምሪ። «ጀምበር» ከሚባለው ጀግና ቀጥላ ኢታን ኮሚክስ ያወጣት ሀዊ አለች፣ ኢትዮጵያዊት ናት። ጥበብ ገርልስ የሚባሉት ሦስቱ ልጆችም አሉ፣ የዊዝ ኪድስ ወርክሾፕ የካርቱን ሥራ። ልጆቹ የራሳቸውን ሲሥሉ ከዚያ ይነሳሉ። ምናልባት መምህርም ደስ ይላቸው ይሆናል።

ቀለምና ቶነር · 11፡52
አሁን ነው ያየሁት። እኔ ማተሚያ ቤት ነው የምሠራው፣ ይሄን ቫይረስ በሳምንት ሦስት አራቴ አየዋለሁ። ሂድን አይተምስ ብቻውን አይበቃም፤ ፋይሉን የሲስተም ፋይል አስመስሎ ነው የሚደብቀው። እዚያው «ቪው» ውስጥ «ኦፕሽንስ» ግቢ፣ ሁለተኛው ገጽ ላይ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ከሚለው ላይ ምልክቱን አንሺ፤ ማስጠንቀቂያ ሲመጣ እሺ በዪው። ስም የሌለው ወይም የደበዘዘ ፎልደር ይታይሻል፣ ሰነድሽ እዚያ ውስጥ ነው። ሰነዶቹን ብቻ ወደ ላፕቶፕሽ ገልብጪ። ሾርትከቶቹን በፍጹም እንዳትጫኚ፣ ከጫንሽ ላፕቶፕሽም ይያዛል። ሲያልቅ ያኔ ፎርማት አድርጊው።
ካልሆነልሽ ብቻ ሬኩቫ የሚባለውን ፕሮግራም በሌላ ኮምፒውተር ላይ ጫኚና ሞክሪ።

የሜክሲኮዋ · 11፡54
እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው።

አንባቢዋ · 12፡08
ስም የሌለው ፎልደር ታየኝ!! ውስጡ ምን እንዳለ ገና አልከፈትኩም፤ ባትሪዬ 9 በመቶ ነው፣ መብራት የለም። የእናንተን ጽሑፍ በስልኬ ገልብጫለሁ። እየሮጥኩ ወደ ማተሚያው ነኝ።

ቀለምና ቶነር · 12፡10
በስልክ ከሆነ ፒዲኤፍ አድርገሽ በቴሌግራም ላኪላቸው፤ ፍላሹን መልሰሽ እዚያ ኮምፒውተር ላይ እንዳትሰኪው!

ብርቱካን ልጣጭ · ማታ 2፡20
ደረሰልሽ?

ጥቁር ቀለም · ማታ 3፡05
የሞኒካ ጽሑፍ ላይ «ዓመታዊ ቁጥር 16» የሚለው «ቁጥር 16» ብቻ ተብሎ እንዳይታተም፤ ሁለቱ የተለያዩ ናቸው።

የሜክሲኮዋ · በማግስቱ ጠዋት 2፡40
ታናሽ እህቴን ይዤ እየመጣሁ ነው፣ ታክሲ ውስጥ ነን። ከሐውልቱ በየት በኩል ነው የምንታጠፈው? አንባቢዋ፣ አለሽ?