ባጃጅ ቪ8 ቢገጭ ከኢንሹራንሱ የተረፈውን ማን ይክፈል?

አወያይ፦ ጀመዓ፣ ሰላም ናችሁ? የዛሬው ክርክር ይሄ ነው። እዚህ ደሴ አንድ ባጃጅ ከሆጤ ወደ ፒያሳ ሲሄድ ቪ8 ላንድክሩዘር ገጨ እንበል። ምሳሌ ነው፣ ማንንም አልጠቆምኩም። የቪ8ቱ ጉዳት 900,000 ብር ተገመተ። ባጃጁ ያለው የሦስተኛ ወገን መድን ብቻ ነው፣ በሌላ ሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት የሚከፍለው። አዋጅ 799/2005 ሲወጣ ለንብረት ጉዳት ያስቀመጠው ጣሪያ 100,000 ብር ነው። ለዛሬ በዚሁ ቁጥር እንከራከር፤ የየራሳችሁን ልክ ፖሊሲያችሁ ላይ እዩት። 800,000 ብር ቀረ ማለት ነው። ባለ ባጃጁ ይህን ሁሉ ይክፈል? ወይስ ውድ መኪና የያዘ ሰው ጉዳቱን በራሱ ኢንሹራንስ ይቻለው? የተሳደበ ከግሩፑ ይወጣል።

ባለ ባጃጅ (ሆጤ)፦ እኔ ልጀምር፣ ነገሩ የሚነካው እኔን ነው። ባጃጄን ብሸጣት እንኳ ያን ያህል ብር አይሞላም። ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የሚበላው ከሷ ነው። ቪ8 መግዛት የቻለ ሰው ሙሉ ሽፋን መግባት ያቅተዋል? የሱ ኢንሹራንስ ይጠግንለት፣ እኔን ይተወኝ። ሰርቄ አይደለም እኮ፣ አደጋ ነው።

ባለ ላንድክሩዘር፦ ወንድሜ፣ መንገድ ዳር አቁሜ መጥተህ ብትገጨኝስ? በኔ ኢንሹራንስ ባሠራው ኤክሰስ የሚሉትን፣ መድን ቤቱ የማይከፍለውን የኔን ድርሻ፣ ከኪሴ አወጣለሁ። አደጋ ሳላደርስ በመቆየቴ የማገኘው የዓረቦን ቅናሽም ይቀራል። መኪናዬ ጋራዥ በቆመችበት ጊዜ ደግሞ ሥራዬ ይቆማል። ምኑ ነው የኔ ጥፋት? «ድሃ ነኝ፣ አልከፍልም» የሚባል ከሆነ ነገ ፍሬኑን ሳያሠራ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ አይሱዙም ይህንኑ ይላል።

ጠበቃ (ደሴ)፦ ሁለታችሁም አንድ ነገር አምታታችሁ። 100,000 ብሩ የመድን ቤቱ ጣሪያ ነው እንጂ የዕዳው ጣሪያ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2091 ካሣ ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል። ቁጥር 2081 ደግሞ የመኪናውን ባለቤት ይይዛል። ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ተጠያቂ ነው። በዚያ ሰዓት መኪናው ተሰርቆ እንደነበር ካስረዳ ግን ይድናል።

ባለ ባጃጅ፣ «በሱ ኢንሹራንስ ይጠገን» ያልከው ደግሞ ከዕዳ አያወጣህም። የሱ መድን ቤት ከከፈለው በኋላ በሱ ቦታ ተተክቶ አንተን ይከሳል። ዳረጎት ይባላል። ያን ጊዜ ከባለ ቪ8ቱ ጋር ቡና ጠጥቶ መታረቅ ቀረ፤ የምትደራደረው ከመድን ቤቱ ነገረ ፈጅ ጋር ነው። እሱ ደግሞ አለቃ አለበት።

ባለ ባጃጅ (ሆጤ)፦ እንዴ! ጥፋቱ የኔ መሆኑ ባይታወቅስ?

ጠበቃ (ደሴ)፦ ጥሩ ጠየቅክ። ሁለት መኪና ሲጋጭ ሕጉ መነሻው ላይ ሁለቱም ጉዳቱን እኩል አድርሰዋል ብሎ ይገምታል፣ ቁጥር 2084። ጠቅላላ ጉዳቱ ይደመርና ለሁለት ይከፈላል። የቪ8ቱ 900,000፣ የባጃጁ 60,000 ቢሆን ድምሩ 960,000 ነው። ለእያንዳንዱ 480,000 ይደርሰዋል። አንተ 60,000ውን በራስህ ባጃጅ ላይ ቀምሰሃል። ስለዚህ 420,000 ትከፍላለህ። መድን ቤትህ 100,000 ቢከፍልልህ 320,000 ይቀርብሃል። ይህ እንግዲህ ጥፋቱ በማንም ላይ ሳይረጋገጥ ነው! ጥፋቱ የአንዱ ሾፌር ብቻ መሆኑ ከተረጋገጠ ሒሳቡ ይገለበጣል። ለዚህ ነው የትራፊክ ፖሊሱ የአደጋውን ፕላን (ንድፍ) ሲያነሳ አጠገቡ ቁሙ የምለው። ምስክር ካለ ስሙንና ስልኩን ያዙ። ሰው ለመብራቱ ስባሪ ይጨነቅና ፕላኑን ሳያይ ይሄዳል።

የጋራዥ ሰው (ኮምቦልቻ)፦ አሰላሙ አለይኩም። እኔን የገረመኝ 900,000 ብሩን ማንም አለመጠየቁ ነው። ከየት መጣ? ከፕሮፎርማ፣ ጋራዥ ከሚጽፈው የዋጋ ግምት ነው። ፕሮፎርማ ደግሞ ወረቀት ነው፣ ቁርዓን አይደለም። መስመር በመስመር አንብቡት። በፊት ለፊት ግጭት የኋላ ሾክ አብዞርበር ተጽፎበት አይቻለሁ። የተጫረ መከላከያ ቀጥ ተደርጎ ቀለም ቢቀባ ይበቃዋል፤ ፕሮፎርማው ግን «ሙሉ ይቀየር» ይላል። አንድ በር ተነክቶ የመላ አካል ቀለም ይጠየቃል። ሦስት ፕሮፎርማ ቢመጣላችሁም አትደነቁ፣ ሦስቱም አንድ ወንበር ላይ ተጽፈው ሊሆን ይችላል። ደግሞ አሮጌው ዕቃ የት ሄደ? የተፈታው መብራት ሶማሌ ተራ ገዢ አያጣም። ዋጋው ከሒሳቡ ይቀነስ። አሥር ዓመት በሠራ ዕቃ ቦታ አዲስ ሲገባም የእርጅናው ይታሰብ። ዕለቱን በየማዕዘኑ ፎቶ አንሱ፣ በኋላ ጋራዥ ውስጥ የተጎዳም ይጨመራል። እኔ ባለ መኪናውን ሌባ አላልኩም። ዕዳ ከሆነ ግን ልኩ ይታወቅ።

ባለ ላንድክሩዘር፦ በዚህ እስማማለሁ። የጠየቅኩት የተጎዳውን ነው፣ ትርፍ አልፈልግም።

መምህርት (ቧንቧ ውሃ)፦ ስለ መብራትና መከላከያ ብዙ ተባለ። እኔ ሌላውን ላንሳ። በዚያው አዋጅ ለሞት የተቀመጠው ከ5,000 እስከ 40,000 ብር ነበር። ለንብረት 100,000። ከአንድ ሰው ሕይወት የመኪና ቆርቆሮ በእጥፍ በልጦ ተጻፈ ማለት ነው። ይባስ ብሎ ፍትሐ ብሔሩ ቁጥር 2116 የሕሊና ካሣ ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል። በ1952 አንድ ሺህ ብር ብር ነበር። ዛሬ ለተዝካር ቡናም አይበቃም። ወሎ ላይ ሰው ሲሞት ዘመድ ወደ አበጋር፣ ወደ ባህላዊ አስታራቂው፣ የሚሄደው ለባህሉ ብቻ ይመስላችኋል? ችሎት የሚሰጠው ብር ሐዘኑን ስለማይመጥን ጭምር ነው። አበጋሩ ቢያንስ የገዳይም የሟችም ቤተሰብ ነገ አንድ ገበያ እንደሚውሉ ያውቃል።

ጠበቃ (ደሴ)፦ እትዬ፣ የ1,000 ብሩ ነገር እኔንም ያሳፍረኛል። ግን ቤተሰቡ የሚጠይቀው እሱን ብቻ አይደለም። ሟች ይረዳቸው የነበሩ ባል ወይም ሚስት፣ ልጆችና ወላጆች ቀለብ መጠየቅ ይችላሉ፣ ቁጥር 2095። ዋናው ገንዘብ ያለው እዚያ ነው፣ የመኪናውን ባለቤትም የሚያደኸየው እሱ ነው። ክሱ ታዲያ በሁለት ዓመት ውስጥ ይቅረብ፣ ቁጥር 2143። ሽምግልና ላይ ተቀምጠው ሁለት ዓመት ያለፈባቸው አሉ። ዕርቁ መልካም ነው፤ ሰው ሞቶ ከሆነ ግን የዓቃቤ ሕጉን የወንጀል ክስ ዕርቅ በራሱ አያስቆመውም።

የመድን ወኪል፦ ዕርቅ ከተነሳ አንድ ነገር ልበል። አደጋው እንደደረሰ መጀመሪያ ለመድን ቤታችሁ ደውሉ። በድንጋጤ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሁሉን እከፍላለሁ» ብላችሁ አትፈርሙ። መድን ቤቱ ሳያውቅ የተገባ ቃል አይመለከተኝም ሊላችሁ ይችላል። ያን ጊዜ 100,000 ብሯም ትቀራለች። መጥሪያ ሲደርሳችሁ ኪሳችሁ ውስጥ አታሳድሩት፣ ኮፒውን መድን ቤት አድርሱ። የሦስተኛ ወገን ልክም ተጨማሪ ዓረቦን ተከፍሎ ሊሰፋ ይችላል። ስቲከሩን መስታወት ላይ ለጥፎ የሚሄደው ብዙ ነው፤ ልኬ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

የሚኒባስ ባለቤት፦ እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። መኪናዬን በውክልና ሸጬ ሊብሬው እስካሁን በስሜ ነው። ገዢው ከሚሌ መስመር ጠፍቶ ስልክ አያነሳም።

ጠበቃ (ደሴ)፦ ከሳሽ መጀመሪያ የሚያየው ሊብሬው ላይ ያለውን ስም ነው። ነገ ዛሬ ሳትል ስሙን አዛውር።

አወያይ፦ የኔን ልጨምር። ካደረሰው ላይ ዕዳው አይነሳ፣ እዚህ ላይ ከባለ ላንድክሩዘር ጋር ነኝ። ግን መንግሥት «ግዴታ ነው» ብሎ የሚያስገዛን መድን በመንገዱ ላይ ካሉት መኪኖች ዋጋ ጋር ካልሄደ ግዴታነቱ ለማን ነው? የዱቤ ዕቃ ይመስል ጥቂቱን ከፍሎ ሌላውን ለባለ ባጃጅ ማስተላለፍ። የግዴታው መድን ልክ ይጨምር ባይ ነኝ።

ባለ ባጃጅ (ሆጤ)፦ ይጨምር ስትል ዓረቦኑስ? ነዳጁ፣ ጎማው፣ ቦሎው... እሱንም እኔው ነኝ የምከፍለው። ባለ ቪ8ቱን ለመጠበቅ እኔ በየዓመቱ ልክፈል?

የመድን ወኪል፦ በየዓመቱ ትንሽ ተከፍሎ ነው ወይስ አንድ ቀን ባጃጁ በሐራጅ ሲሸጥ የሚሻለው?

ባለ ባጃጅ (ሆጤ)፦ ለማስፈራራት ጎበዝ ናችሁ። ካለኝ መቼ ጠላሁ። እሺ ጋሼ ጠበቃ፣ ያችን 320,000 በወር 5,000 ብከፍልስ?

ጠበቃ (ደሴ)፦ 64 ወር ይፈጃል። ከተስማማችሁ በጽሑፍ ይሁን፣ ጉዳዩ ችሎት ከገባ ፍርድ ቤቱ ያጽድቀው። «ከዚህ ክፍያ ውጭ በዚህ አደጋ ምንም ጥያቄ የለኝም» የሚል መስመር ካልገባበት አትፈርም። ሁለቱም መድን ቤቶች ስምምነቱን ይወቁት፤ አለዚያ ነገ ሌላው በዳረጎት ይመጣብሃል።

ባለ ላንድክሩዘር፦ አምስት ዓመት ከአራት ወር? ያን ጊዜ መኪናዋም እኔም አንኖርም። 100,000 አስቀድመህ ስጠኝ፣ ቀሪውን በሁለት ዓመት ጨርስ።

የጋራዥ ሰው (ኮምቦልቻ)፦ ቆይ ቆይ፣ ብር ከመቆጠሩ በፊት ፕሮፎርማውን ላኩልኝ።