የቻያ ቁርጥራጮቼ እየበሰበሱብኝ ተቸግሬያለሁ

ቻያን ያለማችሁ ሰዎች እባካችሁ እርዱኝ። መነሻው ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ የሆነውን፣ ቅጠሉ የፓፓያን የሚመስለውን፣ ነጭ አበባ ያለውንና ሲቆረጥ ወተት የሚያፈሰውን ቁጥቋጦ ማለቴ ነው። አንድ ያደገ ተክል አለኝ፤ ለጌጥ አምሮበታል፣ ቅጠሉንም እንበላዋለን። ለማባዛት ስሞክር ግን አልሆነልኝም።

አንድ ክንድ የሚያህሉ ስድስት ግንዶች ቆርጬ በዚያው ቀን ተከልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ጫፋቸው ላይ ጥፍር የምታህል ቅጠል ብቅ ስትል ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ለካ ግንዱ በውስጡ ባለው ስንቅ ነው ያቆጠቆጠው! አንዱን ነቅዬ ባየው ሥር የሚባል ነገር የለውም፤ ከአፈር በታች ያለው ጠቁሮ፣ በጣት ሲጫኑት እንደ በሰበሰ ሙዝ ይሟሟል። በየማለዳው ውኃ አጠጣ ነበር፤ እጄ አያርፍም፣ ጥፋቱም ሳይኖርበት አይቀርም።

ቁርጡ ከመተከሉ በፊት ጥላ ውስጥ ጥቂት ቀናት መድረቅ እንዳለበት የሰማሁት ዘግይቼ ነው። መድረቁን በምን ልወቅ? ወተቱ ሲቆም ይበቃል ወይስ ቁርጡ ቅርፊት እስኪይዝ ልጠብቅ? እስኪያቆጠቁጥስ ጭራሽ ውኃ ልከልክለው?

ሌላም አለኝ። ጥሬው ቅጠል ሳያናይድ የሚባል መርዝ ስለሚያመነጭ 20 ደቂቃ ያህል ክዳኑን ከፍቼ እቀቅለዋለሁ፤ በአሉሚኒየም ድስትም አላበስልም። ለጋው ቅጠል ግን ቶሎ ይልማል። ለእሱም ጊዜው ያው ነው?