ለጥምቀት ሰሞን የታሰበው የሸክላ ዐውደ ርእይ፦ በጋራ ፕሮፖዛላችን ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢው፦

ውድ የማኅበራችን አባላት፣ በመጪው ጥምቀት ሰሞን ጎንደር ላይ ልናዘጋጀው ያሰብነው የሸክላ ጥበብ ዐውደ ርእይ ፕሮፖዛል ለከተማው አስተዳደር ከመቅረቡ በፊት የሁላችሁንም ሐሳብ ይፈልጋል። አሁን በተያዘው ረቂቅ መሠረት ዐውደ ርእዩ በቻይና ይጀምርና በመስጴጦምያ፣ በግሪክና በአውሮፓ አልፎ በመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ ጎንደር አጠገብ ያለችውን የወለቃ መንደር ጀበናና ምጣድ ያሳያል። አሰላለፉ የማይስማማው አባል ካለ በምን መተካት እንዳለበት ከነምክንያቱ እንዲጽፍ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የታሪክ መምህሩ፦

ሰብሳቢያችን ለደከሙበት ረቂቅ ምስጋናዬ የላቀ ነው፤ በአሰላለፉ ግን አልስማማም። የእኛን ሸክላ መጨረሻ ላይ ብናስቀምጠው ጎብኚው ከሌሎች ሕዝቦች ጥበብ በኋላ የተጨመረ ምራቂ አድርጎ ይመለከተዋል፤ ታሪኩም ቢሆን ከዝቅተኛ ወደ ከፍተኛ የሚወጣ መሰላል አይደለም። እስካሁን ከተገኙት ሁሉ እጅግ ጥንታዊ ከሚባሉት መካከል የሚቆጠሩት፣ በቻይና ጂያንግሺ ክፍለ ሀገር ከሺያንረንዶንግ ዋሻ የወጡት ገሎች ወደ 20,000 ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላቸው ሲሆኑ፣ የሠሯቸው ሰዎች ገና እርሻ ያልጀመሩ አዳኞችና ፍሬ ለቃሚዎች ነበሩ። ቻይናም የጀመረችው እሳት ላይ ከሚጣድ ሸካራ ዕቃ እንጂ ሲኒ ከሚሠራበት ነጭ ሸክላ፣ ከፖርሴሊን፣ አይደለም።

አህጉራችንም ወደ ኋላ የቀረች አይደለችም። ማሊ ውስጥ ኡንጁጉ በተባለ ስፍራ ከ11,000 ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሸክላ ተገኝቷል። በጎረቤታችን በሱዳን፣ ካርቱም አጠገብ በዓባይ ዳር ይኖሩ የነበሩ ዓሣ አጥማጆች ጭቃው ሳይደርቅ የማዕበል መስመር እየጫሩበት ዕቃቸውን ያስጌጡ ነበር። ከእነርሱ ብዙ ሺህ ዓመታት በኋላ በዚያው በሱዳን የጥንቷ የከርማ ከተማ ሸክላ ሠሪዎች፣ ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ፣ አፉ ጥቁር ሆዱ ቀይ የሆነ፣ ግድግዳው እጅግ የሳሳ ዋንጫ ሠርተዋል። እኔ በበኩሌ ከዚያ ዋንጫ የሚበልጥ የእጅ ሥራ በፎቶግራፍም ቢሆን አይቼ አላውቅም።

ስለዚህ ዐውደ ርእዩ ከሁላችንም ቤት ከማይጠፋው ከረከቦት እንዲጀምር ሐሳብ አቀርባለሁ። ጀበናው በሜዳ ላይ እሳት የተቃጠለ የእኛው ሸክላ ነው። ሲኒው ደግሞ ካኦሊን የተባለውን ነጭ አፈር ወደ 1,300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ምድጃ ማቃጠልን ከተማሩት ከቻይናውያን የወረደ ጥበብ ነው፤ ስሙ ራሱ የቻይና ማለት ከሆነው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። አውሮፓውያን ይህን ምስጢር ለማግኘት ብዙ ደክመው የመጀመሪያውን ፋብሪካ በጀርመን በማይሰን ያቋቋሙት በ1710 እ.ኤ.አ. ነው። ሁለቱ ዕቃዎች በየቀኑ ፊታችን አብረው እየቀረቡ ሳለ እኛ ለምን በሁለት ጠረጴዛ እንለያቸዋለን?

ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የተወለዱት አባል፦

መምህራችን ያነሡትን ሐሳብ በሙሉ ልቤ እደግፋለሁ፤ ነገር ግን እሳቱ እንዲሁ ሜዳ ላይ የሚነድ ተራ እሳት ተደርጎ እንዳይታይ ጥቂት ልጨምር። እናቴ አፈሩን ቆፍራ ካመጣች በኋላ ታደርቀዋለች፣ ትወቅጠዋለች፣ ትነፋዋለች፤ ከዚያም የተወቀጠ ገል ትቀላቅልበትና ታቦካዋለች። ገሉ የሚጨመረው ለቁጠባ አይደለም። በሜዳ እሳት ሙቀቱ ባንድ ጊዜ ስለሚጨምር፣ በጭቃው ውስጥ የቀረው እርጥበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ መውጫ ካላገኘ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል፤ ገሉ ግን መተንፈሻ ይሰጠዋል። ኩበቱና እንጨቱ ከመለኮሱ በፊት ዕቃው በጥላ ደርቆ በእሳት ዳር የሚሞቀውም በዚሁ ምክንያት ነው። ያ ልል የሆነ አካል ነው በኋላም ምጣዱ ከጉልቻ ላይ በየቀኑ ሲሞቅና ሲቀዘቅዝ እንዳይፈነዳ የሚያደርገው። ጠንካራው ፖርሴሊን እንዲህ በቀጥታ እሳት ላይ ቢጣድ ይሰነጠቃል።

በልጅነቴ እናቴ ምጣዱን በጎመን ዘር ስታሟሸው እጄ ይጠቁር ነበር፤ ትምህርት ቤት ስሄድም ያን እጄን እደብቅ ነበር። ቡዳ ናት እየተባለ ከአጠገቤ የማይቀመጥ ልጅ ነበርና። በዐውደ ርእዩ ላይ ምጣዱ ብቻ ተሰቅሎ የሠራችው ሴት ከደጅ የምትቀር ከሆነ፣ እኔ በዚህ ዝግጅት አልሳተፍም።

አስጎብኚው አባል፦

እኅታችን የተናገሩት በሚገባ መጻፍ አለበት። ወለቃ የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁዳውያን፣ መንደር እንደነበረች፣ ከ1667 እስከ 1682 እ.ኤ.አ. በነገሡት በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን በሃይማኖት ተለይቶ የመስፈር ውሳኔ እንደተላለፈ፣ ግንቡን በማነጽና ብረትን በመቀጥቀጥ ከተማዋን ያገለገሉ ሰዎች መሬት እንደተነፈጉ፣ ብዙዎቹም በ1984 እና በ1991 እ.ኤ.አ. ወደ እስራኤል እንደሄዱ ሳንገልጽ፣ የዳዊት ኮከብ ያለባቸውን ትንንሽ የሸክላ ምስሎች ብቻ ለጎብኚ ማሳየት ተገቢ አይመስለኝም።

ጸሐፊዋ፦

በሐሳቡ እስማማለሁ። የጥንት ዕቃዎችን ከውጭ መዋስ ከዐቅማችን በላይ ስለሆነ በታተሙ ፎቶግራፎች እንጠቀማለን። ለመሆኑ ከፎቶግራፉና ከዕቃው ሥር በሚለጠፈው ጽሑፍ ላይ ምን ይጻፍ?

የታሪክ መምህሩ፦

ስም ይጻፍ። በ6ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት አቴና ውስጥ ይሠራ የነበረው ሸክላ ሠሪና ሠዓሊ ኤክሴኪያስ ዛሬ በርሊን በሚገኝ አንድ እንስራ ላይ «ኤክሴኪያስ ሣለኝ፣ ሠራኝም» የሚል ጽሑፍ አስፍሯል፤ ዕቃው ራሱ ስለ ሠሪው ይመሰክራል። በናይጄሪያ ገጠር ተወልዳ ያለ መሽከርከሪያ ሸክላ ትሠራ የነበረችው የላዲ ኳሊ ምስል በሀገሯ የ20 ናይራ ብር ላይ ታትሟል። በአሜሪካ በኒው ሜክሲኮ ሸክላ ሠሪዋ ማሪያ ማርቲኔዝ ከባሏ ከጁሊያን ጋር ሆና እሳቱን በደቀቀ የእንስሳ እበት እያፈነች ጥቁር ሸክላዋን ለዓለም አሳውቃለች፤ ጭሱ ታፍኖ አየር ሲያጣ ቀዩ አፈር ይጠቁራል፣ የከርማ ዋንጫ አፍ የጠቆረውም በዚያው በአየርና በእሳት ጠባይ ነው። የወለቃን ሴት ከእነዚህ ጋር በአንድ ግድግዳ ላይ ስናቆማት እንደ እነርሱ ሁሉ ስሟ ከዕቃዋ ሥር መጻፍ ይኖርበታል፤ እርግጥ ይህ የሚሆነው ራሷ ስትፈቅድ ነው።

ሰብሳቢው፦

ውይይቱን ተከትዬ ረቂቁን እንደሚከተለው አሻሽያለሁ። ዐውደ ርእዩ በአንድ ረከቦት ይጀምራል፤ ከዚያም ሥራዎቹ በሀገር ሳይሆን በእሳታቸው ዓይነት፣ ማለትም የሜዳ እሳት፣ የታፈነ እሳትና የምድጃ እሳት ተብለው ይደረደራሉ። የወለቃ ታሪክ በራሱ ሰሌዳ ላይ በአማርኛ ይቀርባል። በቦታው ተገኝተው የሚያሳዩት ሸክላ ሠሪዎች እንደ አሠልጣኝ የቀን አበል ይከፈላቸዋል፤ ይህ ወጪ በበጀቱ ውስጥ ከኅትመት ወጪ በፊት እንዲሰፍር ጸሐፊዋን አደራ እላለሁ። የተቃወመ ከሌለ ረቂቁን እንፈርምበታለን።

ከሸክላ ሠሪ ቤተሰብ የተወለዱት አባል፦

ተስማምቻለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ይታከልልኝ። ክረምት ላይ ዕቃው በደንብ ስለማይደርቅ አፈሩ በኅዳር ተቆፍሮ በታኅሣሥ መሠራት አለበት። ለሕዝብ የሚታየው ማቃጠልም ነፋስ ሳይነሣ በማለዳ ይሁን፤ እናቴ እሳቱን የምትለኩሰው ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት ነውና፣ እርሷን እኔ አመጣታለሁ።