ሳናይ ቢራ ልንቀምስ ነው፤ እንዴት ይደረጋል?

የልደታው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ቀልድ ይመስላል፤ ግን የምሬን ነው።

የእህቴ ባል ከጊዮርጊስ ሌላ ቢራ አይጠጣም። ዝም ብሎ አይወድም ማለቴ አይደለም። ሌላ ካመጡለት ውሃ ያዛል። ባለፈው ሰንጋ ተራ አንድ ግሮሰሪ ቁጭ ብለን አስተናጋጇ ተሳስታ ሌላ ከፍታ አመጣች። አንዴ ፉት አለና «ይሄ የኔ አይደለም» ብሎ ገፋው። ጠርሙሱን እኮ አይቶታል! ፊት ለፊቱ ነው የተከፈተው። የተከፈተውን እኔ ጠጣሁት፤ ሒሳቡንም እኔ ከፈልኩ።

«ዓይኔን አስራችሁ ብትሰጡኝ አውቀዋለሁ» ይላል ሁልጊዜ። ስንት ዓመት ሰማሁት። እኔ አያውቀውም ባይ ነኝ። እኔ ግን የራሴን አውቃለሁ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቴ ልሰበስባቸው ነው። ስድስት ሰው እንሆናለን። ቤቴ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። ሳሎኑ ስድስት ሰው ከያዘ ሰባተኛው በረንዳ ላይ ነው የሚቆመው። ያሰብኩት ጊዮርጊስ፣ ሐበሻ፣ ዋልያ፣ ዳሽን፣ ሐረር፣ በደሌ እና ሜታ ነው። ዓይናቸውን በሻሽ አስራለሁ፤ ከዚያ ነጥብ ይሰጣሉ።

ግራ የገባኝ፦ ስንት ጠርሙስ ይበቃል? ማን ይቀዳል? የሚቀዳው ሰው አውቆት መቅመስ አይችልም፤ እኔ ደግሞ መቅመስ እፈልጋለሁ። ከዚህ በፊት ያደረገ ካለ ይንገረኝ።

የድሮው ካዛንቺስ፦

ብሮ፣ ሰባቱን ተው። እኛ አምና በስድስት ጀምረን ከአራተኛው በኋላ ማንም ምንም አልጻፈም። ወሬ ሆነ። አራት ዓይነት ይበቃል።

ሻሹንም ተወው። ዓይኑ የታሰረ ሰው ይደፋል፤ ምንጣፌ ምስክር ነው። ደግሞ ሰውዬው ዓይኑ ሲታሰር ይስቃል እንጂ አይቀምስም። የሚሸፈነው ጠርሙሱ ነው። ካልሲ አልብሰው። የምሬን ነው፣ አዲስ ካልሲ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀለም። እስከ አንገቱ ድረስ ይገባል። ቆርኪውን ግን ቀድመህ ክፈትና ደብቅ፤ የኛ ሰው ቆርኪ ከሩቅ ያነባል።

ማን ይቀዳል ላልከው ሁለት ሰው ነው የሚያስፈልግህ። አንደኛው ኩሽና ገብቶ ካልሲ ያለብሳል፣ ይወጣል። ሁለተኛው ይገባል፤ ጠርሙሶቹን እንደፈለገ ያደበላልቅና ፊደል ይለጥፍባቸዋል። የመጀመሪያው የቱ ቢራ የቱን ፊደል እንዳገኘ አያውቅም። ሁለተኛው ካልሲው ውስጥ ምን እንዳለ አያውቅም። ሁለቱም መቅመስ ይችላሉ። መጨረሻ ላይ ካልሲውን ማውለቅ ነው። ትልቁ ደስታ እሱ ነው፤ እንደ ሎተሪ።

አንድ ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር ነው። ለስድስት ሰው 55፣ 55 ይደርሳል። የሻይ ብርጭቆ ግማሽ በለው። ለመቅመስ ይበቃል፤ ለመጠጣት ሌላ ሳጥን ግዛ። ሁሉንም ከአንድ ሱቅ፣ ከጥላ ውስጥ ውሰድ። እኛ አንዱን የገዛነው ሳጥኑን ውጭ ፀሐይ ላይ ከደረደረ ሱቅ ነበር፤ ቢራው ሌላ ነገር ሆኖ ቆየን። ጥፋቱ የፋብሪካው አልነበረም።

መኪና ያለው መኪናውን ቤቱ ይተው።

ስም የለሽ፦

በዚህ ኑሮ ውድነት ሰው ቢራ ይፈትናል። እግዜር ያሳያችሁ። አድራሻውን ላኩልኝ።

የእሪ በከንቱ ልጅ፦

ወንድሜ፣ እኔ ቢራ እምብዛም ነኝ። እናቴ ግን ጠላ ትሸጥ ነበር፤ ስለ መቅመስ የማውቀው ከሷ ነው። ማኅበር ሄዳ ገና ጣሳው አፏ ጋ ሳይደርስ የማን ጠላ እንደሆነ ትናገራለች። እንዴት ስላት «ጌሾው አይደለም፣ እንስራው ነው» ትለኛለች። አንዷ በግራዋ አጥባ በወይራ ታጥናለች፤ ሌላዋ ቸኩላ ትተወዋለች። አፍንጫ ነው እንጂ ምላስ ብዙ አይሠራም። ካላመንክ አፍንጫህን ይዘህ አንድ ጉንጭ ጠጣ። ምሬትና ጋዝ ብቻ ነው የሚቀርህ።

ስለዚህ ያን ቀን ቤትህ ቡና እንዳይፈላ። ቡናው ራሱ ሳይሆን ዕጣኑ ነው ችግሩ። እንግዳ መጣ ብላ ሚስትህ ዕጣን ካጨሰች ነገሩ አለቀ። ሽቶ የሚቀባ ጓደኛ ካለህም በጊዜ ንገረው። ጥብስና ሚጥሚጣ በኋላ። እስከዚያ ደረቅ ዳቦና ውሃ። ቆሎም ቢሆን በኋላ ይሁን፤ የተቆላ ገብስ ሽታ ከቢራው ጋር ይጋጫል።

ብርጭቆውን በፈሳሽ ሳሙና ካጠብክ ደጋግመህ አለቅልቀው። ሳሙናና ቅባት አረፋ ይገድላል። የከንፈር ቅባት የተቀቡትንም አስጠርግ።

ጡረተኛው ቀማሽ፦

ልጆች፣ እኔ ከ20 ዓመት በላይ በአንድ ቢራ ፋብሪካ ላቦራቶሪ ሠርቻለሁ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። የልደታው ልጄ ሁለት ጥያቄ አደባልቋል። «የቱ ይጥማል?» አንድ ነው። «የኔን ቢራ ለይቼ አውቃለሁ» ሌላ ነው። የአማቹ ጉራ ሁለተኛው ነው፤ ስለዚህ በነጥብ አይፈተንም።

ሦስት ብርጭቆ አቅርቡለት። በሁለቱ አንድ ዓይነት ቢራ፣ በአንዱ ሌላ። ስሙን አትጠይቁት። «የተለየው የቱ ነው?» ብቻ በሉት። እኛም ሥራ ላይ የምናደርገው ይሄንኑ ነው። በጭፍን ቢገምት ከሦስት አንዴ ይመታል፤ ስለዚህ አንዴ መምታቱ ምንም አያሳይም። አምስት ጊዜ ደጋግሙለት፤ አንዳንድ ጉንጭ ይበቃል። ከአምስቱ አራቱን ካገኘ ተነስቼ እጅ እነሳዋለሁ። በዕድል ብቻ እዚያ የሚደርሰው ከመቶ አምስት ሰው አይሞላም።

ስም ማዛመድ ከፈለጋችሁም ይሁን። ግን አራት ቢራ ከአራት ስም ጋር አዛምድ ቢባል ምንም የማያውቅ ሰውም በአማካይ አንዱን ይመታል። አራቱንም በዕድል የሚያገኘው ከ24 ሰው አንዱ ነው። አንድ አግኝቶ የሚፎክር ካለ ይሄን አስታውሱት።

የዘረዘርካቸው በብዛት «ላገር» የሚባለው ነጣ ያለ የቢራ ዓይነት ናቸው፤ አልኮላቸውም ወደ 5 በመቶ ገደማ ነው። ልዩነታቸው ቀጭን ነው። ጥቁር ቢራ ካስገባህ በቀለሙ ይታወቃል፣ ተወው። ደግሞ በረዶ የመታው አይሁን። ሲበዛ የቀዘቀዘ ቢራ ምላስ ያደነዝዛል፤ ሽታውም አይነሳም። አስተናጋጅ «ቀዝቃዛ ወይስ ኖርማል?» ስትልህ በመሀሉ ያለውን አስብ። ዋናው ነገር ሁሉም እኩል መቀዝቀዙ ነው። የፍሪጅ በር ላይ ያለውና ጀርባው ጋ የተጠጋው እኩል አይደሉም።

አንድ ተንኮል ልጨምርልህ። ከአራቱ አንዱን ሁለት ጊዜ አቅርብ፣ በሌላ ፊደል። ለአንዱ ቢራ ሁለት ነጥብ የሚሰጠውን ታያለህ። የመቅመሱ ተራም ለሁሉም አንድ አይሁን። መጀመሪያ ለተጠጣው ብዙ ጊዜ ይዳላለታል፤ ሰው ጠምቶት ነው የሚጀምረው።

የሚጽፉት ቃል ከጠፋቸው፣ «ጥሩ» እና «መጥፎ» አያስፈልግም። ቅቤ ቅቤ ይላል ወይ? የተቀቀለ በቆሎ? ሙቀት ላይ የከረመ ቢራ እርጥብ ካርቶን ይሸታል። እነዚህ በሥራችን የታወቁ ቃላት ናቸው፤ የኔ ፈጠራ አይደሉም።

የልደታው፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ያሉትን ሦስት ብርጭቆ በወረቀት ጽፌ ፍሪጅ ላይ ለጥፌዋለሁ። እህቴ ካልሲ ታለብሳለች። ፊደል የሚለጥፈውና የሚቀዳው ጎረቤቴ ነው። አልኮል በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ ግን ነገሩን ሰምቶ ከኔ በላይ ጓጉቷል። ካልሲውን ሜክሲኮ መንገድ ላይ በደርዘን ገዛሁ፤ ጥቁር። ሰኞ እነግራችኋለሁ።

የልደታው፦

ቃሌን ጠብቄ መጣሁ። ረዥም ነው፣ ታገሱኝ።

መጀመሪያ መብራት። አርብ ማታ ሄደ፤ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ድረስ አልመጣም። ፍሪጄ ዋጋ የለውም። በረዶ ገዝቼ አሥሩንም ጠርሙስ አንድ ትልቅ ባልዲ ውሃ ውስጥ ነከርኳቸው። ተናድጄ ነበር። በኋላ ሳስበው ግን ጋሼ ያሉት እኩል ቅዝቃዜ የመጣው በዚህ ነው። ፍሪጁ ቢሠራ ኖሮ በሩ ላይ እደረድራቸው ነበር።

ሁለተኛው ጣጣ ፊደሉ ነው። ይሄን ማናችሁም አልነገራችሁኝም! ጎረቤቴ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ ብሎ በፕላስተር ለጠፈ። ከዚያ አንዱ ከወዲያ «ሀ ስድስት!» ይላል። የቱ ሀ? ሀሌታው ሀ ነው ሐመሩ ሐ? ግማሹ ወረቀት በዚህ ተበላሸ። እንደገና ቀዳን። የምታደርጉ ሰዎች ቁጥር ጻፉ።

የቀረቡት ጊዮርጊስ፣ ሐበሻ፣ ዋልያ እና በደሌ ነበሩ። በእህቴ ምርጫ የተደገመው ጊዮርጊስ ነው። ለባሏ ስትል ነው ወይስ በባሏ ላይ ስታሴር ነው፣ እስካሁን አልገባኝም።

አማቼ በጥሞና ነው የቀመሰው። ተነስቶ መስኮት ጋ ሄደ፣ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ያዘ፣ አሸተተ፣ ዳቦ ነከሰ። ሳቃችን ቆመ፤ ቤቱ ፈተና ክፍል መሰለ። ከዚያ ለአንደኛው ጊዮርጊስ 8 ሰጠ። ለሁለተኛው 4። አጠገቡ «ውሃ በዝቶበታል» ብሎ ጽፏል። አንድ ቢራ ነው፣ አንድ ባልዲ፣ ከአንድ ሱቅ።

ስም ማዛመዱ ላይ አንድ አገኘ። ያገኘው በደሌን ነው። በሦስቱ ብርጭቆ ደግሞ ከአምስት ሁለት። «ሁለቱን እኮ አውቄያለሁ» ሲል ፍሪጁ ላይ ያለውን የጋሼን ወረቀት አነበብኩለት። ዝም አለ።

አሁን ወደኔ ልምጣ፣ ስለማታመልጡኝ። ዜሮ። አንድም ስም አላገኘሁም። ሐበሻን ዋልያ፣ ዋልያን ጊዮርጊስ አልኩ። ከዓመት እስከ ዓመት «የኔ» እያልኩ የማዘው ሐበሻን ነው። 5 ነው የሰጠሁት። እህቴ ይሄን ስታይ ከባሏ ላይ ዓይኗን አንስታ እኔ ላይ ተከለች፤ ምሽቱን ሙሉ አላወረደችውም።

ያስገረመኝ ግን ጎረቤቴ ነው። ሁለት ጊዜ ዞሮ ከቀዳ በኋላ ጠጋ ብሎ «ለ እና ሠ አንድ ናቸው አይደል?» አለኝ። በምን አወቅህ ስለው አረፋውን አሳየኝ። ሁለቱ ላይ አረፋው እኩል ከፍ ብሎ፣ እኩል ወርዶ፣ ብርጭቆው ላይ እኩል ቀለበት ጥሎ ነበር። ካልሲው ሲወልቅ ልክ ሆኖ ተገኘ። እኛ ስድስታችን አፍንጫችንን ብርጭቆ ውስጥ ከትተን ያላገኘነውን ሰውዬው አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ አገኘው። ጋሼ፣ ይሄ ነገር ሥራ ላይ ያጋጥማችሁ ነበር?

የድሮው ካዛንቺስ፦

ዜሮ! አንተ ራስህ ዜሮ! አንጀቴ ቆሰለ። አማችህ ምን አለ በመጨረሻ?

ጡረተኛው ቀማሽ፦

ያጋጥማል ልጄ። አረፋን ደቂቃ ይዞ የሚለካ ሰው ነበረን፤ መደበኛ ሥራ ነው። ጎረቤትህ ሳይማር ነው ያገኘው፤ የቀዳው አንድ እጅ ስለሆነ እኩል ከፍታ ላይ ነው የቀዳው። እናንተ ብትቀዱ ኖሮ አረፋው ሁሉ ይለያይ ነበር። አማችህን ደግሞ አታሳፍረው። ለአንድ ቢራ ሁለት ነጥብ የሰጠ ባለሙያ በዓይኔ አይቻለሁ።

የልደታው፦

አማቼ መጀመሪያ «በረዶው ነው» አለ። ቀጥሎ «ዳቦው ነው»። ከዚያ «የሻይ ብርጭቆ ለቢራ አይሆንም» ላይ ጸና። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ያው ግሮሰሪ ተቀመጥን። አስተናጋጇ አሁንም ያችው ናት። ምን እንዳዘዘ መናገር አይጠበቅብኝም። እኔም ሐበሻ አዘዝኩ። አልተያየንም።

ጠርሙሶቹን ሱቁ መለስኩ፤ መያዣ ገንዘቤን ተቀበልኩ። ካልሲዎቹን እህቴ አጥባ ሰጠችኝ። ዛሬ ጠዋት ቸኩዬ አንዱን ጥንድ አድርጌ ቢሮ ሄድኩ። ከሰዓት ስብሰባ ላይ እግሬን አጣጥፌ ስቀመጥ አለቃዬ ቁርጭምጭሚቴን አተኩሮ ያያል። ዝቅ ብዬ ሳይ ፕላስተሩ ሳይወልቅ ታጥቧል። «መ» ይላል።