የራይድ ሹፌር ታክስ፦ የሚሰላው 1099-ኬ ላይ ባለው ድምር ነው ወይስ ባንክ በገባው ገንዘብ?

ጥያቄ

ሰላም ለሁላችሁም። የምኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ ላይ የፓርኪንግ ሥራዬን ትቼ ዓመቱን ሙሉ በራሴ መኪና ራይድ (በስልክ አፕ የሚጠራ የታክሲ ሥራ) ስሠራ ቆይቻለሁ። ሌላ ገቢ የለኝም፤ ትዳርም አልያዝኩም። ኩባንያው የላከልኝ 1099-ኬ የሚባለው የዓመት ገቢ ማሳወቂያ ቅጽ 52,400 ዶላር ይላል፤ ባንክ የገባልኝ ግን 37,200 ዶላር ብቻ ነው። ታክስ የሚሠራልኝ ሰው የሚሰላው በትልቁ ቁጥር ላይ ነው ሲለኝ ደነገጥኩ። የቤንዚንና የጋራዥ ደረሰኞቼን አስቀምጫለሁ፤ ጓደኞቼ ግን በማይል ማቅረብ ይሻላል ይላሉ። በተጨማሪም ጎንደር ለምትኖረው እናቴ በየወሩ የምልከው ገንዘብ ይቀነስልኝ እንደሆነ የምታውቁ ብታስረዱኝ።

መልስ 1

ወንድማችን፣ 1099-ኬ የሚያሳየው ተሳፋሪው የከፈለውን ጠቅላላ ገንዘብ ነው፤ ኩባንያው ለራሱ የቆረጠው ኮሚሽንና ልዩ ልዩ ክፍያም እዚያው ውስጥ ተደምሯል። ስለዚህ 52,400 ዶላሩ በስኬጁል ሲ (የግል ሥራ ገቢና ወጪ በሚሞላበት የታክስ ቅጽ) ላይ በገቢነት ይመዘገባል፤ የተቆረጠው 15,200 ዶላር ደግሞ በወጪነት ይቀነሳል። የዚህን ዝርዝር በአፑ ላይ ካለው የዓመቱ የታክስ ማጠቃለያ ያገኙታል። ባለሙያዎ ኮሚሽኑን ሳይቀንስ ሊያቀርብልዎ ካሰበ ሌላ ሰው ቢፈልጉ ይሻላል።

ማይልን በተመለከተ፣ ለሥራ ለተነዳ እያንዳንዱ ማይል በወጪነት የሚቀነሰው የ2025 ተመን 70 ሳንቲም ነው። ይህ ተመን ቤንዚን፣ ዘይት፣ ጎማ፣ ጥገና፣ ኢንሹራንስና የመኪናውን እርጅና ሁሉ ያጠቃለለ በመሆኑ፣ በማይል አቅርበው የቤንዚን ደረሰኝ መጨመር አይችሉም። ከኪስዎ የከፈሉት ቶል (የመንገድ ክፍያ) እና ለሥራ የከፈሉት ፓርኪንግ ግን ለብቻቸው ይቀነሳሉ። ብዙ ለሚነዳና ቤንዚን ለማይበላ መኪና ማይሉ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጣል። መኪናው የራስዎ ከሆነ በመጀመሪያው የሥራ ዓመት በማይል ካቀረቡ በኋላ በሌላ ዓመት ወደ ደረሰኝ መዞር ይፈቀድልዎታል፤ በደረሰኝ ከጀመሩ ግን በዚያው መኪና ወደ ማይል መመለስ በአብዛኛው አይቻልም።

ለምሳሌ ያህል 28,000 የሥራ ማይል ነድተዋል እንበል፤ 19,600 ዶላር ይሆናል። ቶልና ፓርኪንግ 900፣ የስልክ ክፍያዎ የሥራ ድርሻ 400 ቢሆን፣ ከ37,200 ላይ ተቀንሶ የተጣራ ትርፍዎ 16,300 ዶላር ይሆናል። ላላገባ ሰው የ2025 ስታንዳርድ ዲዳክሽን (የገቢ ታክስ ከመሰላቱ በፊት ያለ ደረሰኝ የሚቀነሰው መጠን) 15,750 ዶላር ስለሆነ፣ የፌዴራል የገቢ ታክስዎ ዜሮ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሰልፍ ኤምፕሎይመንት ታክስ የሚባለው የሶሻል ሴኩሪቲ (የጡረታ) እና የሜዲኬር (የአረጋውያን ሕክምና) ክፍያ አይቀርልዎትም። እሱም የትርፉ 92.35 በመቶ ላይ 15.3 በመቶ ተሰልቶ 2,303 ዶላር ገደማ ይመጣል። ፓርኪንግ ሲሠሩ ግማሹን አሠሪዎ ይከፍል ነበር፤ አሁን ሁለቱንም የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። ብዙ ሹፌር ሚያዝያ ላይ የሚደናገጠው በዚህ ነው።

መልስ 2

ከላይ በተሰጠው ላይ ስለ ማይሉ መዝገብ ልጨምር። አፑ የሚያሳየው ብዙውን ጊዜ በጉዞ ላይ ያሉበትን ማይል ብቻ ሲሆን፣ አፑን ከፍተው ጥሪ እየጠበቁ የነዱትና ተሳፋሪ ለማንሳት የሄዱበት መንገድም የሥራ ማይል ነው። ለግል ጉዳይ የነዱት አይቆጠርም። ቀኑን፣ ማይሉን፣ የት እንደሄዱና ለምን እንደሄዱ የሚያሳይ መዝገብ በየዕለቱ መያዝ አለበት፤ የፌዴራሉ ታክስ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት አይ.አር.ኤስ ቢጠይቅ በመጋቢት ወር ከጭንቅላት የተጻፈ ቁጥር አያድንም።

ለእናትዎ የሚልኩት ገንዘብ አይቀነስም። በእርስዎ የሚተዳደሩ ቤተሰብ (ዲፔንደንት) አድርጎ ለማስመዝገብም የአሜሪካ ዜጋ ወይም በዚሁ አገር፣ በካናዳ አሊያም በሜክሲኮ ነዋሪ መሆን ስላለባቸው፣ ጎንደር ሆነው ሙሉ ወጪያቸውን ቢሸፍኑም አይሆንም። ወደፊት ግሪን ካርድ አግኝተው እዚህ ቢኖሩና ከግማሽ በላይ ወጪያቸውን እርስዎ ቢሸፍኑ ግን፣ የራሳቸው ገቢ ከገደቡ በታች እስከሆነ ድረስ ሊያስመዘግቧቸው ይችላሉ። የእድር መዋጮም ቢሆን እንደ በጎ አድራጎት አይቆጠርም፤ ይህን የምለው በየዓመቱ የሚጠይቀኝ ሰው ስለማይጠፋ ነው።

ጠያቂው

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 2,300 ዶላር በአንድ ጊዜ የለኝም። ገንዘቡ እስኪሞላልኝ ድረስ የታክስ ቅጹን ባላስገባስ?

መልስ 1

እንዳያደርጉት። ቅጹን እስከ ሚያዝያ 15፣ 2026 ድረስ ባለማስገባት የሚመጣው ቅጣት ካልተከፈለው ታክስ በወር 5 በመቶ ሲሆን፣ አስገብቶ ባለመክፈል የሚመጣው ግን በወር ግማሽ በመቶ ነው፤ ወለድ በሁለቱም ላይ አለ። ማራዘሚያ ቢጠይቁ የማስገቢያው ጊዜ እስከ ጥቅምት 15 ይረዝማል፣ የመክፈያው ግን አይረዝምም። ስለዚህ ቅጹን በጊዜው አስገብተው፣ የቻሉትን ከፍለው ለቀሪው በአይ.አር.ኤስ ድረ ገጽ ላይ በየጊዜው የሚከፈል ስምምነት ይጠይቁ።

ለዘንድሮው ደግሞ ከወዲሁ በየሩብ ዓመቱ ሚያዝያ 15፣ ሰኔ 15፣ መስከረም 15 እና ጥር 15 መክፈል ይጀምሩ፤ በዓመቱ መጨረሻ 1,000 ዶላርና ከዚያ በላይ ዕዳ ሲቀር ቅድሚያ ባለመክፈል ቅጣት ሊመጣ ይችላልና። ቨርጂኒያ የራሷ ታክስ አላት፤ የማስገቢያዋ ቀንም ሆነ የመጀመሪያው የሩብ ዓመት ክፍያ ግንቦት 1 ነው። ወራቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ ይበሉ።

መልስ 3

አንዳንድ ታክስ ሠሪ ዕዳዎን ለማሳነስ ማይሉን ሲያበዛ ዝም አይበሉ። ቤት ለመግዛት ባንክ ሲሄዱ የሚታየው የስኬጁል ሲ የተጣራ ትርፍዎ ነው እንጂ 52,400 ዶላሩ አይደለም። የጡረታዎ ሶሻል ሴኩሪቲም የሚሰላው ባስመዘገቡት ገቢ ላይ ነው። ሠሪው እየተከፈለው በራሱ ስም ፈርሞ ከአይ.አር.ኤስ የተሰጠውን የታክስ አዘጋጅነት ቁጥሩን ካላሰፈረ፣ ወረቀትዎን ይዘው ይውጡ።