«ባሉጥ»፣ «የአድባር ዛፍ» እና «ዓፍስ»፦ ሦስቱ ቃላት ምን ምን ያመለክታሉ?

ጥያቄ፦ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሚገኙ የቅመማ ቅመምና የመድኃኒት ዕፅ መሸጫዎች «ዓፍስ» የሚባል ድቡልቡልና ጠጣር ነገር ይሸጣል። በአንድ የአማርኛ ማብራሪያ ላይ «የባሉጥ ፍሬ» ተብሎ ተተርጉሞ አነበብኩ፤ በሌላ ጽሑፍ ደግሞ ባሉጥ ራሱ «የአድባር ዛፍ» ተብሏል። የቃላቱን ፍቺ የምታውቁ ብታብራሩልን።

መልስ፦ ከሦስቱ ቃላት የመጀመሪያው የዛፍ ወገን ስም ነው፤ ሁለተኛው ዛፉ በአገሬው ዘንድ ያለውን ክብር ይናገራል፤ ሦስተኛው ግን ዛፍም ፍሬም አይደለም። የትርጉሙ ስሕተት ያለው እዚህ ሦስተኛው ላይ ስለሆነ፣ ስሕተቱም አንዱን ነገር በሌላው እስከ መተካት ስለሚያደርስ፣ በእርሱ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

«ባሉጥ» ከዓረብኛው «በሉጥ» ጋር አንድ የሆነ ቃል ሲሆን፣ በሳይንሳዊ ስሙ ኩዌርከስ የተባለውንና ከ400 በላይ ዝርያዎች ያሉትን የዛፍ ወገን ይጠራል። ስፓኝኛ ለፍሬው የሚጠቀምበትን «ቤዮታ» የተባለውን ስም ያገኘው ከዚሁ የዓረብኛ ቃል ነው። ወገኑ በፍሬው ይለያል፦ ጠንካራ ልባስ ያላት አንዲት ፍሬ፣ ግርጌዋ ቅርፊታም በሆነ ትንሽ ጽዋ ውስጥ ተቀምጦ ትበስላለች። በአፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅለው ከሰሐራ በስተ ሰሜን ብቻ ነው፤ አማርኛም ለዛፉ አገር በቀል ስም የሌለው በዚህ ምክንያት ነው። በእንግሊዝኛ «የሐር ኦክ» ስለሚባል አንዳንዶች የሚያምታቱት ግራቪሊያ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ በቤተሰብ እንኳ ከባሉጥ ጋር የማይገናኝ ዛፍ ነው።

ባሉጥን «የአድባር ዛፍ» ማለት ከመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም የመጣ ነው። በዘፍጥረት 18 ላይ እግዚአብሔር ለአብርሃም «በመምሬ የአድባር ዛፍ» እንደ ተገለጠለት እናነባለን። ተርጓሚዎቹ አንባቢው በዓይኑ አይቶት የማያውቀውን ዛፍ ስም ከማስገባት ይልቅ፣ ሰው የሚሰበሰብበትንና የሚያከብረውን ትልቅ ዛፍ የሚገልጸውን የአገሩን ቃል መረጡ፤ ለንባቡ ያማረ ምርጫ ነው። ይሁን እንጂ በእኛ አገር ዋርካም፣ ሾላም፣ ወይራም የአድባር ዛፍ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቃሉ የዝርያ ስም ሆኖ በዕፀዋት ጽሑፍ ውስጥ ሊገባ አይገባም።

አሁን ወደ «ዓፍስ» እንምጣ። ዓፍስ የሚገኘው ኩዌርከስ ኢንፌክቶሪያ ከሚባለው የዱር ባሉጥ ነው። ይህ ዝርያ ቁመቱ ብዙ ጊዜ ከ6 ሜትር የማይዘል፣ ጠማማ ቅርንጫፎች ያሉት ቁጥቋጦ ወይም ትንሽ ዛፍ ሲሆን፣ ከግሪክና ከቆጵሮስ ጀምሮ በቱርክ፣ በሶርያና በሰሜን ኢራቅ አልፎ እስከ ኢራን ተራሮች ድረስ ይበቅላል። በዚህ ዛፍ ላይ አንዲት ጥቃቅን ተርብ እንቁላሏን በእንቡጡ ውስጥ ትጥላለች። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ (ትል) ማደግ ሲጀምር፣ የዛፉ ሕዋሳት ከተለመደው ሥርዓታቸው ወጥተው በዙሪያው ይባዛሉ፤ ይህም ላይ ላዩ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ፣ ለእጩ ቤትም ምግብም የሚሆን ድቡልቡል እባጭ ይፈጥራል። ነጋዴዎች «ዓፍስ» ብለው የሚሸጡት ይህንኑ እባጭ ነው። በውስጡ ያደገችው ተርብ ሳትወጣ የተለቀመው ከባድና ጥቁር አረንጓዴ ነው፤ ከወጣች በኋላ የተለቀመው ቀለል ብሎ ቀለሙ ይነጣል፣ ጎኑም ላይ የወጣችበት ክብ ቀዳዳ ይታያል። አንዱን አገላብጦ ያየ ሰው ፍሬ ነው ሊል አይችልም፦ ጽዋ የለውም፣ ሲሰበርም በውስጡ የሚበቅል ዘር አይገኝም።

ልዩነቱ የቃል ጉዳይ ብቻ ያልሆነው በውስጡ ባለው ነገር ምክንያት ነው። ጥሩ ዓፍስ ከክብደቱ ከ50 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው ታኒን የተባለ አኮማታሪ ንጥረ ነገር ነው፤ ከፍሬው የሚገኘው ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው። ታኒን ከፕሮቲን ጋር እየተጣበቀ የሥጋን ላይኛ ሽፋን ስለሚያኮማትር፣ በሚቀምሱት ጊዜ ምላስን ያደርቃል። በጥንቱ ሕክምና ለተቅማጥ፣ ለሚደማ ድድ፣ ለኪንታሮትና ለቁስል የተመረጠው በዚሁ ጠባዩ ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ዲዮስቆሪዶስ ስለ እባጩ ጽፏል፤ በማሌዥያና በኢንዶኔዥያም «ማንጃካኒ» በሚል ስም እስከ ዛሬ ለአራስ ሴቶች ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1786 ስዊድናዊው ኬሚስት ካርል ሼሌ ጋሊክ አሲድ የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ ያወጣው ከዚሁ እባጭ ነው።

ይሁን እንጂ አማርኛው ማብራሪያ «ከዕፅ የተገኘ ስለሆነ ጉዳት የለውም» የሚል ከሆነ ይህን መቃወም ይገባል። ከታኒን ወገን የሆነው ታኒክ አሲድ እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ለተቃጠለ ቆዳ በሰፊው ይቀባ ነበር፤ ጉበትን እንደሚጎዳ ሲታወቅ ግን በ1940ዎቹ ተተወ። በአፍ ሲወሰድ በእህል ውስጥ ያለው ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያግድ፣ ደም ያነሳት አራስ እናት ያለ ሐኪም ምክር ብትወስደው የሚጎድልባት ይበልጣል።

ለትርጉሙ የማቀርበው ቃል «የባሉጥ እባጭ» ነው። «እባጭ» የሚለው ሁላችንም የምናውቀው ቃል ነው፣ ነገሩ ከተወጋ አካል ላይ ያበጠ መሆኑንም በቀጥታ ይናገራል። «የባሉጥ ፍሬ» ጽዋ ላላት ፍሬ ብቻ ይቆይ።

ተጨማሪ ጥያቄ፦ «ኢንፌክቶሪያ» የሚለው ስም ከኢንፌክሽን ጋር ይዛመዳል? ዛፉ በሽታ ያስተላልፋል ማለት ይሆን?

መልስ፦ ቃላቱ ከአንድ የላቲን ግሥ ይወለዳሉ፤ ግሡ መንከር፣ ማቅለም፣ ቀጥሎም መበከል የሚሉ ፍቺዎች አሉት። የዛፉ ስም የያዘው የመጀመሪያውን ፍቺ ስለሆነ «የቀለም ነካሪዎች ባሉጥ» ማለት ነው፤ በሽታ በውስጡ የለበትም። ስሙን የሰጠው በኦቶማን ግዛት የተዘዋወረው ፈረንሳዊ ኦሊቪየ ነው፤ ያወጣውም እ.ኤ.አ. በ1801 ነው። የእባጩ ዱቄት በውኃ ተዘፍዝፎ ከብረት ጨው ጋር ሲገናኝ ፈሳሹ ይጠቁራል፤ የአውሮፓና የመካከለኛው ምሥራቅ ጸሐፊዎች ለብዙ መቶ ዓመታት በዚህ ቀለም ጽፈዋል፣ ቆዳ ፋቂዎችም በእባጩ ቆዳ አልፍተዋል። በእኛ አገር እምቧይ ቆዳ ለማልፋት ሲያገለግል ኖሯል፤ የብራና ጸሐፊዎቻችን ጥቁር ቀለም ግን በአብዛኛው ከጥላሸት የሚዘጋጅ ስለሆነ፣ ዓፍስ ወደ ጸሐፊዎቹ ቋንቋ የሚገባበት ምክንያት አልነበረም።